የመጀመሪያው ጌም ቦይ ማብሪያ ማጥፊያ እንዴት እንደሚጠገን

እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የኒንቴንዶ ጌም ቦይ፣ በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበት የቪዲዮ ጌም መሣሪያ፣ ብዙ የሚችል ዕቃ ነው፤ ዋና ቦርዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል። ቀድሞ የሚደክመው በአናቱ ላይ በግራ በኩል ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሲበራ ቀይዋ መብራት ፈዝዛ ትታያለች፣ ጨዋታው መሃል ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ ስዊቹን በጣት ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይሠራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ስዊቹ ስለተሰበረ በአዲስ መተካት አለበት ብሎ ይደመድማል። በእጄ ያለፉት አብዛኞቹ ግን የተሰበሩ ሳይሆኑ ውስጣቸው የጠቆረ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በማጽዳቱ ላይ ሲሆን መተካትን የሚያነሣው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው።

በስዊቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ናቸው። የእንዲህ ዓይነት ስዊቾች መገናኛ ብዙውን ጊዜ በስሱ ብር ይለበጣል፤ ብሩም በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር እየተዋሃደ እንደ ቆየ የአንገት መስቀል ይጠቁራል። ፋብሪካው የቀባው ቅባት በዘመን ብዛት ደርቆ በላዩ ላይ ሲጋገር ነገሩ ይብሳል። ጌም ቦዩ 4 ድንጋይ ሲጎርስ 6 ቮልት ያገኛል፤ የሚወስደው ኃይል 0.7 ዋት አካባቢ ስለሆነ በስዊቹ የሚያልፈው ከረንት 0.12 አምፔር ያህል ነው። የጠቆረው መገናኛ 15 ኦም (ከረንትን የሚያግድበት መጠን መለኪያ) ቢይዝ ቢያንስ 1.8 ቮልት እዚያው ይባክናል ማለት ነው፤ ዛሬ የተገዛ ድንጋይ ሊያልቅ የተቃረበ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በውስጡ ያለው የቮልት መቀየሪያ ደግሞ የሚደርሰው ቮልት ሲቀንስ ያንኑ ኃይል ለማግኘት ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ከረንቱ ሲጨምርም በስዊቹ ላይ የሚባክነው ይጨምራል። ካርትሪጁ (ጨዋታውን የያዘው ተሰኪ) ጨዋታውን በሚመዘግብበት ቅጽበት ኃይሉ ከተቆራረጠ የተመዘገበው ሊበላሽ ስለሚችል፣ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ የሚሳሱለትን ካርትሪጅ አያስገቡበት።

ከመፍታትዎ በፊት

ጥፋቱ በእርግጥ የስዊቹ መሆኑን ማጣራት ይገባል። ስዊቹ ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ካርትሪጁን አውጥተው ይሞክሩት። የመጀመሪያው ጌም ቦይ ሲበራ ከስዊቹ ጋር አብሮ የሚሄድ ጥርስ በካርትሪጁ ማዕዘን ላይ ባለው ቁርጥ ውስጥ ገብቶ ካርትሪጁ እንዳይወጣ ይቆልፈዋል። ኋላ ለመጣው ባለ ቀለም ሞዴል፣ ለጌም ቦይ ከለር፣ ብቻ የተሠሩት ካርትሪጆች ይህ ቁርጥ ስለሌላቸው ስዊቹ አልሄድ ይላል፤ በጉልበት መግፋት ግን ጥርሱን ይሰብረዋል።

ቀጥሎ የድንጋዩን ቤት ይክፈቱና ምንጮቹንና ጫፎቹን ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ድንጋይ አፍስሶበታል። የአልካላይን ድንጋይ ፈሳሽ ቤዝ ስለሆነ ጥቂት ኮምጣጤ የነካ የጆሮ ጥጥ ያስለቅቀዋል፤ ከዚያ በአልኮል ጠርገው በደንብ ያድርቁት። ትክክለኛው የ6 ቮልት አዳፕተር ካለዎት፣ የዋልታ ምልክቱ በመሣሪያው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አረጋግጠው ይሰኩት። በአዳፕተር ያለ ምንም መቆራረጥ ሠርቶ በድንጋይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ስዊቹን አይንኩት፤ ችግሩ ያለው በድንጋዩ ጫፎች ወይም በአዳፕተሩ መሰኪያ ውስጥ ነው። እንዲሁም መብራቷ ሳትፈዝ ስክሪኑ ላይ በኒንቴንዶ ስም ፋንታ ጥቁር ሣጥን ብቻ ከወረደ ካርትሪጁ በአግባቡ አልተነበበም ማለት ነው። ያለ ካርትሪጅ ሲበራም የሚታየው ይኸው ጥቁር ሣጥን ስለሆነ ስዊቹን ያለ ካርትሪጅ መፈተን ይቻላል።

መሣሪያዎች

የኋላው ሽፋን ብሎኖች ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው፤ ስለዚህ ለእነሱ የተሠራ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። አንዳንዱ የብዕር ቀፎ በእሳት አቅልጦ ብሎኑ ላይ በመጫን መፍቻ ይሠራል፣ ሌላው በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይታገላል። ሁለቱንም አልመክርም፤ የብሎኑ ራስ አንዴ ከተበላ ከመሰርሰር በቀር መውጫ የለውም። ለውስጡ የተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይበቃል። ከዚህ ሌላ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ወረንጦ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ሶልደሪንግ አይረን (መበየጃ)፣ እርሳስ ያለው ሶልደር (ቀልጦ እግሮችን ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቅ ብረት)፣ ፍለክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲፈስና እንዲይዝ የሚቀባ) እና ሶልደር የሚመጥ የመዳብ ዊክ ያዘጋጁ። አልኮሉ 99 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ፋርማሲ በብዛት የሚሸጠው 70 በመቶው ብዙ ውሃ ስላለበት ቦርድ ውስጥ አይገባም። የሞባይል ጥገና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ንጹሑን ይይዛሉ።

አከፋፈቱ

ድንጋዮቹን አውጥተው 6ቱን ብሎኖች ይፍቱ፤ 2ቱ የሚገኙት በድንጋዩ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱ ግማሾች በቀጭን ጥብጣብ ገመድ የተያያዙ ስለሆኑ ሽፋኑን መንጭቀው አይለዩ፤ እንደ መጽሐፍ ቀስ ብለው ይግለጡት። ገመዱ በኋለኛው ቦርድ ላይ ካለው መሰኪያ የሚወጣው በቀጥታ ሲሳብ ነው። በሁለት ጣት ወደ መሰኪያው አስጠግተው ይዘው ግራና ቀኝ በጥቂቱ እያላሉ ያውጡት፤ ወደ ጎን መታጠፍ ውስጡ ያሉትን መስመሮች ይቆርጣል። ከዚያ የኋለኛውን ቦርድ ብሎኖች ፈትተው ቦርዱን ከሽፋኑ ያንሡ።

አሁን ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማበት ላይ አድርገው፣ ስዊቹ ሲበራ የሚገናኙትንና ሲጠፋ የሚለያዩትን እግሮች ይፈልጉ። ካገኟቸው በኋላ ወደ 200 ኦም ያዙሩት፣ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች እርስ በርስ አነካክተው የገመዱን የራሱን መጠን ይያዙ፣ እሱንም ከሚያነቡት ላይ ይቀንሱ። ደህና ስዊች ከ1 ኦም በታች ያሳያል፤ በጣት ቢነቀንቁትም ቁጥሩ አይዋልልም። ቁጥሩ በያንዳንዱ ንክኪ የሚዘል ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ማጽዳቱ

ቀላሉ መንገድ በስዊቹ ቀዳዳ አልኮል ወይም የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ አንጠባጥቦ ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ፤ ከደረቀ በኋላ ይለኩት፤ ከ1 ኦም በታች ወርዶ ከረጋ ሥራው እዚያው ያበቃል። ነገር ግን አልኮል የሚያሟሟው የደረቀውን ቅባት እንጂ የጠቆረውን ብር አይደለም። ጥቁረቱን የሚያነሣው መፋተጉ ነው፤ የስዊቹ ምላስ ደግሞ የሚፋተገው በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የተጠገኑ ብዙ ጌም ቦዮች ለጥቂት ሳምንታት ሠርተው ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው የሚመለሱት ለዚህ ነው። የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት መርጨት ደግሞ ይባስ ጎጂ ነው፤ ዘይቱ አቧራ እየያዘ በቦርዱ ላይ ይሰራጫል።

ዘላቂው መፍትሔ ስዊቹን ነቅሎ መክፈት ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ይህ ደረጃ ነው። በእያንዳንዱ እግር ላይ ፍለክስ ቀብተው በመጀመሪያ አዲስ ሶልደር ይጨምሩበት። ለመንቀል ሲሉ መጨመር ያለ ቦታው የገባ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የቆየው ሶልደር ብቻውን ሙቀት በደንብ አይቀበልም፣ ከአዲሱ ጋር ሲዋሃድ ግን ወዲያው ይቀልጣል። አይረኑን 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አድርገው በዊኩ ይምጠጡት። የስዊቹ የብረት ልብስ እግሮች ከቀጫጭኖቹ ይልቅ ሙቀት ስለሚወስዱ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ትዕግሥት የሚያልቀውም እነሱ ላይ ነው። እግሮቹ ሁሉ በየቀዳዳቸው ውስጥ በወረንጦ ሲነኩ ላላ ብለው እስኪንቀሳቀሱ ድረስ ስዊቹን ከላይ አይሳቡት። ሶልደሩ በግማሽ ይዞት እያለ የተጎተተ እግር በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን የመዳብ ቀለበት ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የተቋረጠውን መስመር ፈልጎ በቀጭን ሽቦ ማገናኘት ግድ ይሆናል። አልነቀል ካለ ሶልደር ጨምረው እንደገና ይምጠጡ።

ስዊቹ ሲወጣ የብረት ልብሱ በታጠፉ ጆሮዎች ፕላስቲኩን እንደያዘ ያያሉ። ጆሮዎቹን በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በጥቂቱ ብቻ ያቅኑ፤ ብረቱ ስስ ስለሆነ ተደጋጋሚ ማጠፍ ይቆርጠዋል። ከመለያየትዎ በፊት በነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡትና በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ውስጡ ያሉት ክፍሎች ጥቃቅን ናቸው፣ የትኛው በየት በኩል እንደዞረ በቃል አይያዝም። መገናኛዎቹ ጥቁር ወይም ቡናማ መስለው ይወጣሉ። በአልኮል የራሰ ወፍራም ወረቀት ቆርጠው፣ ብርማው መልክ እስኪመለስ ድረስ በልስላሴ ይሽዋቸው፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር መውጣቱ ሥራው እየሄደ ለመሆኑ ምልክት ነው። ለጠነከረው የእርሳስ ላጲስ ይረዳል። ብርጭቆ ወረቀትና ሞረድ ግን በጭራሽ አይነካካቸው፤ የብሩን ልባጭ ከላጡት ከሥሩ ያለው መዳብማ ብረት ከበፊቱ ፈጥኖ ይበላሻል። ምላሱ ተጭኖ ጠፍጣፋ ከሆነ በወረንጦ ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ያንሡት። ፕላስቲክ የማይጎዳ የመገናኛ ቅባት ካለዎት እጅግ ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ከሌለዎት ደረቅ ቢሆን ይሻላል።

መልሰው ገጥመው ቦርዱ ላይ ከማስቀመጥዎ በፊት እንደገና ይለኩ። በዚህ ደረጃ የሚታየው ቁጥር ከሌላ መስመር ጋር ስለማይቀላቀል ከሁሉም ይልቅ የሚታመን ነው።

መተካት ሲያስፈልግ

ምላሱ ከተቆረጠ ወይም ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ማጽዳት አያድነውም። ከተበላሸ ሌላ ጌም ቦይ የተነቀለ ስዊች ካገኙ፣ እንደላይኛው አጽድተው እሱን መጠቀም ከሁሉ የተሻለ ነው። አዲስ ሲገዙ የእግሮቹን አሰላለፍ፣ የመግፊያውን ቁመትና የሚሄድበትን ርቀት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ መግፊያው በጥቂቱ እንኳ ካጠረ የካርትሪጁ መቆለፊያ በልኩ አይሄድም። ስዊቹን ትቶ መስመሩን በሽቦ ማገናኘት ለሙከራ ያህል ካልሆነ በቀር አይበጅም፤ ድንጋይ ሳይወጣ መሣሪያው አይጠፋም፣ ካርትሪጅም ኃይል እያለ ይነቀላል።

ሲበይዱ ስዊቹ ከቦርዱ ጋር ገጥሞ መተኛቱን በአንድ እግር ብቻ ይዘው ያረጋግጡ፤ ቀና ካለ ሌሎቹን ይጨርሱ። መስኮት ክፍት ይሁን፣ ሥራው ሲያልቅም እጅዎን ይታጠቡ። የተረፈውን ፍለክስ በአልኮል ይጥረጉ፣ ጥብጣብ ገመዱን እስከ መጨረሻው ቀጥ አድርገው ያስገቡ። የሽፋኑ ብሎኖች የሚነክሱት ፕላስቲክ ስለሆነ እያንዳንዱን መጀመሪያ ወደ ግራ በማዞር ጥርሱ በቀድሞው መስመር ላይ ጠቅ ሲል ይስሙ፣ ከዚያ ሳያስጨንቁ ያጥብቁ። ሁሉንም ከማጥበቅዎ በፊት ያለ ካርትሪጅ ያብሩት፤ መብራቷ ደምቃ ጥቁሩ ሣጥን ከወረደ፣ ስዊቹንም በጣት ሲነቀንቁት ስክሪኑ ካልተርገበገበ ካርትሪጅ ማስገባት ይችላሉ።