ኢርፎን ስታወዳድሩ መጀመሪያ ጎማውን ቀይሩ

ሁለት ኢርፎን ይዛችሁ «የትኛው ይሻላል?» እያላችሁ ከሆነ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማ እዩዋት። አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ትንሽና ትልቅ መቀየሪያ አለ። ብዙዎቻችን ግን የተገጠመውን እንዳለ ሰክተን «ቤዝ የለውም» እንላለን። ጎማው የጆሮን ቀዳዳ በደንብ ካልዘጋ ቤዙ ሾልኮ ይጠፋል። ኢርፎኑን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ጫን አድርጉት። ቤዙ ድንገት ከወፈረ ጎማው በልካችሁ አይደለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንሷችሁ ነው። ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ ልክ ሊፈልግም ይችላል። የእኔ ቀኙ መካከለኛ፣ ግራው ትልቅ ነው፤ ይህን ያወቅኩት አንዱን ኢርፎን «ተበላሽቷል» ብዬ ከጣልኩ በኋላ ነው!

የድምፁን መጠንም እኩል አድርጉ። ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል፤ ጆሮ በዚህ ይሸወዳል። በደንብ የምታውቁትን አንድ ዘፈን በሁለቱም ስሙ።

ምቾት በ5 ደቂቃ አይታወቅም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጆሯችሁ ላይ ይቆይ። እያኘካችሁም ሞክሩት፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የሚወልቅ አለ።

በጀታችሁ ጠበብ ካለ እኔ ባለገመዱን እላለሁ። ብሉቱዙ ላይ ለባትሪውም ነው የምትከፍሉት፤ እሱ ደግሞ እያደር ይደክማል። ገመዱ የሚነቀል ከሆነማ፣ ሲበጠስ ገመዱን ብቻ መቀየር ነው።