ሳጥኑ የሞላው ቮይስ ሜይል

ደብረ ብርሃን ያለው ቢሯችን ለስልኩና ለቮይስ ሜይሉ (ደዋይ ለሚተወው የድምፅ መልእክት) የሚጠቀመው አስተሪስክ የተባለውን ሶፍትዌር ነው፤ የምናስተዳድረው ፍሪፒቢኤክስ በሚባል በብራውዘር በሚከፈት ገጽ ነው። ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት የሚደውሉ ደንበኞች «መልእክት ልንተው ስንል በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይልና ይዘጋል» እያሉ ወቀሱን። ሁሉም ኔትወርኩን አማረረ። ኔትወርክ እንደሁ የሌለበትንም ጥፋት ይሸከማል!

ሰርቨሩን ስከፍት ነገሩ ፍንትው አለ። የሒሳብ ክፍሉ መስመር ኢንቦክስ 100 መልእክት ይዟል። አስተሪስክ ካልቀየሩት በቀር በአንድ ፎልደር የሚፈቅደው 100 ብቻ ነው። የመስመሩ ባለቤት ተዛውራ ሄዳለች፤ መልእክት መኖሩን የሚያሳየው የስልኳ ቀይ መብራት ባዶ ጠረጴዛ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያ ብርድ ማን ግቢውን አቋርጦ ያየዋል?

መልእክቶቹን ኮፒ አድርጌ ለተተኪው ሰጠሁትና ኢንቦክሱን አጸዳሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ እያንዳንዱ መልእክት ከድምፁ ጎን የደዋዩን ቁጥርና ሰዓት የያዘ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለው። አስተሪስክ የሚቆጥረው የጽሑፉን ፋይል ነው። ድምፁን ብቻ ካጠፋችሁ ሳጥኑ «ሙሉ ነኝ» እንዳለ ይቀራል።

ከዚያ የይለፍ ቁጥሩን ቀየርኩ፣ መልእክቱም ለተተኪው በኢሜይል እንዲደርሰው አደረግሁ። «ከላክህ በኋላ አጥፋ» የሚለውን ግን አልነካሁትም፤ ኢሜይሉ ካልደረሰ መልእክቱ ውሃ በላው ማለት ነው። የድምፅ ፋይሉን ዓይነት ዋቭ 49 ወደሚባለው የታመቀ ዓይነት ለወጥኩት። ተራው ዋቭ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ ይሄኛው የዚያን አንድ አሥረኛ ነው።

ተተኪው አሁን ኮከብ 97 ደውሎ ይሰማል። ከሌላ ስልክ ከሆነ ኮከብ 98 ይደውልና የመስመሩን ቁጥር ያስገባል።