ለቻይንኛ የንግግር ውድድር የሚደረግ ዝግጅት

ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚካሄደው «የቻይንኛ ድልድይ» ወይም በመሰል ውድድር ለመሳተፍ የሚያስብ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ተማሪ፣ ርዕሱን ከሚኖርበት አካባቢ ቢመርጥ ይበጀዋል። ስለ ታላቁ ግንብ ዳኞቹ ብዙ ሰምተዋል፤ የጦሳ ተራራን ጉም ወይም የወሎን የቡና ሥርዓት ግን ከእሱ የተሻለ የሚነግራቸው አይኖርም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው ቃና፣ ማለትም የቃልን ትርጉም የሚለውጠው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። በአማርኛ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰን ነገር እንደሚያመለክት ሁሉ፣ በቻይንኛም «ማ» ከፍ ብሎ በአንድ ልክ ሲነገር እናት፣ ዝቅ ብሎ መልሶ ሲነሣ (ሦስተኛው ቃና) ግን ፈረስ ይሆናል (እናትን ፈረስ ማለት በመድረክ ላይ ያሳቅቃል)። በተጨማሪም ሦስተኛው ቃና ያላቸው ሁለት ክፍለ ቃላት ሲከታተሉ የፊተኛው እንደ ሁለተኛው፣ ወደ ላይ እንደሚወጣው ቃና ስለሚነገር፣ «ኒ ሃኦ» የሚለው ሰላምታ እንኳ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሚደረግለት የቃና ምልክት እንደሚያሳየው አይነበብም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በስልክ ቀርጾ ከመምህሩ ንባብ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ሙሉውን ጽሑፍ መሸምደድ አልመክርም፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ቀሪውን ይዞ ይጠፋልና የየአንቀጹን መነሻ ብቻ አጥብቆ መያዝ ይሻላል። የተፈቀደው 3 ደቂቃ ከሆነ፣ በልምምድ ጊዜ ንግግሩ ከ2 ደቂቃ ተኩል አይለፍ።