ፎቶውን ሳታሳንሱ ገጻችሁ ላይ አትጫኑ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ጋቢና ነጠላ በድረ ገጽ የምትሸጡ፣ ገዢ ሳያዝ የሚወጣው ሁልጊዜ ዋጋ ተወዶበት አይደለም። ፎቶው እስኪከፈት ሰልችቶት ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 5 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚሄድ ኔትወርክ 40 ሰከንድ ይፈጃል፤ ማን ይጠብቃል? ከመጫናችሁ በፊት ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዱና በዌብፒ (WebP፣ ፎቶን አሳንሶ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡት። 200 ኪሎባይት ከሆነላችሁ በዚያው ኔትወርክ ከ2 ሰከንድ በታች ይከፈታል። ከዚያ ዋይፋይ አጥፉ፣ ስልኩን 3ጂ ላይ አድርጉና እንደ ገዢ ሆናችሁ ሞክሩት። እኔን የራሴ ገጽ ያሳፈረኝ እንዲህ ስሞክር ነው።

የጥለቱን የቅርብ ፎቶ ግን ብዙ አትጭመቁት። ክሩ ከደበዘዘ የእጅ ሥራው የፋብሪካ ይመስላል።