ያልወጣ የሎተሪ ቁጥር እንዴት ይበተናል?

ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ኪሴን ስዳብስ ያልወጣ የሎተሪ ቲኬት አገኘሁ። ቁጥሩ 2,404,584። ሰልፉ ንቅንቅ አይልም፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። እስክሪብቶ ግን ነበረኝ። ቲኬቱን ገልብጬ ቁጥሩን ወደ ትንንሽ አካፋዮቹ መበተን ጀመርኩ። እናንተም አንድ ረዘም ያለ ቁጥር ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ከጅራቱ ጀምሩ። 1,000 ለ8 ስለሚካፈል፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ማየት ይበቃል። 584 ለ8 ሲካፈል 73፣ ቀሪ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩ በሙሉ ለ8 ይካፈላል፤ 300,573 ይሰጣል። ጎዶሎ ሆነ፣ ከ2 ጋር ተለያየን። መጨረሻው 0 ወይም 5 ስላልሆነ 5ንም እለፉት።

ቀጥሎ የዋናውን ቁጥር አሃዞች ደምሩ፦ 27 ይመጣል። 27 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። እዚህ ጋ ተሸውጃለሁ። ‹ለ27ም ይካፈላል› ብዬ ጻፍኩ። አይካፈልም! ይህ ዘዴ ለ3 እና ለ9 ብቻ ነው። 300,573 ለ9 ሲካፈል 33,397፤ የዚህ አሃዞች ድምር 25 ነው፣ ለ3 እንኳ አይሆንም።

አሁን ዋናውን ቁጥር ከቀኝ ሦስት ሦስት አሃዝ አድርጋችሁ ክፈሉት፤ አንዱን ቀንሱ፣ ቀጣዩን ደምሩ፦ 584 − 404 + 2 = 182። 7 × 11 × 13 = 1,001 ስለሆነ፣ 182 ከሦስቱ ለየትኛው እንደሚካፈል ማየት ነው። 182 = 2 × 7 × 13። 7 እና 13 ገቡ፣ 11 ቀረ።

የ11ን መቅረት በግዕዝ ቁጥር ማረጋገጥ ይቻላል፤ ከሁሉም የወደድኩት ይኼን ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፣ ቁጥርን የሚሸነሽነው በመቶ በመቶ ነው። የኛው ፪፻፵፼፵፭፻፹፬ ተብሎ ይጻፋል። መቶዎቹንና እልፉን (፻ እና ፼) ጣሏቸው፤ 2፣ 40፣ 45 እና 84 ይቀራሉ። ድምራቸው 171። መቶም እልፍም (10,000) ለ11 ሲካፈሉ 1 ስለሚተርፋቸው፣ የ171 ቀሪ የቁጥሩም ቀሪ ነው። 11 × 15 = 165፣ 6 ተረፈ። በቃ፣ 11 የለም።

33,397ን ለ7፣ ቀጥሎ ለ13 ስታካፍሉ 367 ይቀራል። ይህስ ይሰበራል? 20 × 20 = 400 ስለሆነ፣ ከ20 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን) እስከ 19 መሞከር ይበቃል። ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ። 367 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።

2,404,584 = 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 7 × 13 × 367

ስንት አካፋይ አለው? እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር በመጣበት ብዛት ላይ 1 ጨምራችሁ አባዙ፦ 4 × 3 × 2 × 2 × 2 = 96። 2 ሦስት ጊዜ ስለመጣ ምንም አለመውሰድ፣ አንዱን፣ ሁለቱን ወይም ሦስቱን መውሰድ ይቻላል፤ አራት ምርጫ ማለት ነው።

የአካፋዮቹስ ድምር? ለ2፦ 1+2+4+8 = 15፣ ለ3፦ 1+3+9 = 13፣ ለቀሩት፦ 1+7 = 8፣ 1+13 = 14 እና 1+367 = 368። ስታባዟቸው 8,037,120። ቁጥሩን ራሱን ስትቀንሱ 5,632,536፣ ከራሱ ከእጥፍ በላይ! ይህን በትልቁ ጽፌ ሳሰምርበት ከኋላዬ የቆሙ እናት በትከሻዬ አሻግረው አዩ።

«ልጄ፣ አምስት ሚሊዮን ወጣልህ እንዴ?»