አልደርቅ ያለው የአሻንጉሊት ቆዳ፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ሄርማታ ገበያ የምናገኘው የቪኒል (ለስላሳ ፕላስቲክ) ሕፃን አሻንጉሊት ብዙውን ጊዜ ሮዝ ነው። ጠይም ወይም ቀይ ዳማ ለማድረግ ቤት ውስጥ የተሞከረው ሲበላሽ ወደ እኔ ይመጣል።

እጅ ላይ ይለጠፋል

ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ምክንያቱ የበርና የመስኮት የዘይት ቀለም ወይም የጣሳ ስፕሬይ ነው። ቪኒል እንዲለሰልስ ፋብሪካ ውስጥ ዘይት መሰል ማለስለሻ ይጨመርበታል። ማለስለሻው ቀስ እያለ ወጥቶ ቀለሙ ውስጥ ይገባና ያላላዋል። ፀሐይ ላይ ብታሰጡትም አይደርቅም።

አንዲት እናት ከበር የተረፈ ቀለም ቀብታ ለልጇ ሰጠች። ልጅቷ አሻንጉሊቷን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋ ስታድር ከረመች። አሻንጉሊቷ እኔ ጋ የደረሰችው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሆዷ ላይ የጋቢው ክር ተጣብቋል፣ ጉንጯ ላይ የጣት አሻራ ታትሟል። ሌላ ሰው ደግሞ ይድረቅልኝ ብሎ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰበት። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ! ፓውደሩ ከቀለሙ ጋር ተቦክቶ ለማስለቀቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። «የጅማ ዝናብ ነው፣ በጋ ሲገባ ይደርቃል» ብለው የሚጠብቁም አሉ። ዝናቡ አክሪሊክን (በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም) ያዘገያል እንጂ የዚህ ጥፋት የእሱ አይደለም።

መፍትሄው ማስለቀቅ ብቻ ነው። ላዩ ላይ ሌላ ቀለም አትደርቡ። ጥጥ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ) አርጥቡና ትንሽ ትንሽ ቦታ ጥረጉ፤ ጥጡን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። አሻንጉሊቱን አትዘፍዝፉ፣ ቪኒሉን ይበላዋል። ዓይኑን አታስነኩ፣ ይደበዝዛል። መስኮት ክፈቱ። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ በጭራሽ አትሥሩ፤ ትነቱ በእሳት ይያያዛል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ። ሲደርቅ አክሪሊክ በስሱ ቀቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ።

ለአሻንጉሊት ተብሎ የሚሠራ፣ በሙቀት የሚረጋ ቀለምም አለ። 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ኦቨን ይፈልጋል። ምግብ የሚበስልበት ኦቨን ግን አይሁን።

አመድ መስሏል

ለማፍካት ነጭ፣ ለማጥቆር ጥቁር ተጨምሮበታል። ለማፍካት የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ለማሞቅ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ ለማጥቆር በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) ከጠብታ ሰማያዊ ጋር ተጠቀሙ። በብሩሽ አትጎትቱ፤ በስፖንጅ ቁራጭ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። የሕፃን ቆዳ አንድ ወጥ አይደለም። መዳፉና የእግሩ ሥር ይፍካ፣ የጣቱ አንጓ ጠቆር ይበል። የጎረቤት ሕፃን መዳፍ ገልጣችሁ ብታዩ ከማንኛውም ሥዕል በላይ ያስተምራችኋል።

ይላጣል

የፋብሪካው ቅባት ሳይታጠብ ተቀብቷል። አንገትና ትከሻ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ከሆነ መፋተግ ነው፤ እዚያ ቀለሙን አሳሱ።

ያብለጨልጫል

የማያብረቀርቅ የአክሪሊክ ቫርኒሽ ቀቡ። የእንጨት ቫርኒሽ ብዙውን ጊዜ የዘይት ነው፤ እንደገና መለጠፍ ይጀምራል።

ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ለሚከት ሕፃን ግን የቀባሁትን አልሰጥም፣ ቫርኒሽ ቢኖረውም። ለእሱ ያልተቀባውን ስጡት።