የአጃንታን የዋሻ ገዳማት እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ የዋጎራ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ በታጠፈበት ገደል ላይ 30 ያህል የቡድሃ እምነት ገዳማት ተፈልፍለው ይገኛሉ። ዋሻ ይባሉ እንጂ የተፈጥሮ ጉድጓዶች አይደሉም፤ እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ሰው በመሮና በመዶሻ ያወጣቸው ሕንጻዎች ናቸው። ፎቶግራፋቸውን የሚያጠናም ሆነ በአካል የሚጎበኛቸው ሰው በሚከተለው መንገድ ቢሄድ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

በመጀመሪያ የዋሻዎቹን ቁጥር እንደ ዕድሜ ቅደም ተከተል አይውሰዱት። ቁጥሩ የተሰጠው ከገደሉ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ስለሆነ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛውና በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ጥንታውያኑ 9፣ 10፣ 12 እና 13 መካከል ላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሌሎች ግን በ5ኛው ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት፣ በቫካታካ ነገሥታት ዘመን የተጨመሩ ናቸው።

ቀጥሎ የዋሻውን አገልግሎት ይለዩ። ረጅም አዳራሽ፣ ግራና ቀኙን የዓምድ ረድፍ፣ በስተመጨረሻውም ስቱፓ የሚባል ጉልላት መሰል ቅዱስ ክምር ካለው የጸሎት ቤት ነው፤ ስሙም ቻይትያ ይባላል። አራት ማዕዘን አዳራሽ ሆኖ በዙሪያው ትንንሽ ክፍሎች ካሉት ደግሞ የመነኮሳት መኖሪያ፣ ማለትም ቪሃራ ነው። በ12ኛው ዋሻ ክፍሎች ውስጥ ከዚያው ድንጋይ የተጠረቡት መኝታዎች ዛሬም ይታያሉ።

ከዚያ ወደ ጣሪያው ይመልከቱ። ድንጋይ ራሱን ችሎ ስለሚቆም የጣሪያ ማገር አያስፈልገውም፤ ሆኖም በጸሎት ቤቶቹ ውስጥ የእንጨት ቤት ማገር የሚመስሉ ቅስቶች ተቀርጸዋል። በዚያው ግዛት በሚገኘው በባጃ የዋሻ ገዳም ዓምዶቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉት የእንጨት ቤትን ልማድ ተከትለው ነው፤ በካርላ የዋሻ ገዳም ደግሞ ጥንታዊዎቹ የእንጨት ማገሮች እስከ ዛሬ በቦታቸው አሉ። የአክሱምን ሐውልቶች ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ እነርሱም ላይ ወጣ ያሉ የግንድ ጫፎች፣ በርና መስኮት በድንጋይ ተቀርጸዋል። ሁለቱ ሥራዎች አይዛመዱም፤ ይሁን እንጂ በሁለቱም ቦታ ጠራቢው የለመደውን የእንጨት ቤት በድንጋይ አቆይቶታል።

ዘመኑን ለመገመት የቡድሃን ምስል ይፈልጉ። በጥንታውያኑ የጸሎት ቤቶች ስቱፓው ያለ ምስል ተሠርቶ ነበር፤ በ19ኛውና በ26ኛው ዋሻ ግን የቡድሃ ምስል ከስቱፓው ፊት ተቀርጿል። መኖሪያዎቹም በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርባቸው የቡድሃ መቅደስ ስለተጨመረላቸው መኖሪያም መስገጃም ሆኑ።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ያላለቀው 24ኛው ዋሻ ነው። ጎብኚዎች ሥዕል ስለሌለበት ያልፉታል፤ በእኔ እምነት ግን ስለ አሠራሩ ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። አንዳንዶቹ ዓምዶች ገና ድፍን የድንጋይ ብሎኮች ናቸው፤ በአለቱ ላይ የቀሩትን የመሮ ምልክቶች ተከትለው ሲያዩ ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርድ እንደነበር ይረዳሉ። ጣሪያው በቅድሚያ ስለሚያልቅ ጠራቢው ባልተቆፈረው ድንጋይ ላይ ቆሞ ይሠራ ነበርና ረጅም መወጣጫ አላስፈለገውም። በሌላ በኩል አንድ ጊዜ የተሳሳተ ምት ያነሣውን ድንጋይ መመለስ ስለማይቻል፣ የእያንዳንዱ ዓምድ ቦታ ከመጀመሪያው መታሰብ ነበረበት።

ሥዕሎቹን ሲያዩ የተላቀቁትን ጠርዞች አይለፉ፤ ከቀለሙ ሥር ቀጭን የኖራ ቅብ፣ ከዚያም ሥር ከዕፅዋት ጭረት ጋር የተቦካ የጭቃ ልስን ይታያል።

በመጨረሻ በ10ኛው ዋሻ ዓምዶች ላይ ከዓይን ከፍ ብለው የተጻፉትን ይመርምሩ። በ1819 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር ነብር ሊያድን የመጣው የእንግሊዝ መኮንን ጆን ስሚዝ ስሙን ከነቀኑ እዚያ ቀርጿል፤ ዛሬ ለማንበብ ቀና ማለት የሚያስፈልገውም እርሱ ቆሞ የጻፈው ለዘመናት በወለሉ ላይ በተከመረ ፍርስራሽና አፈር ላይ ስለነበር ነው።